ባለ ስድስት ጫፉ ኮከብ ከየት መጣ? የማንስ ነው?

ከጥቁር ሰሌዳው — የመምህራን ዓምድ

ባለፈው እትም በዓላትና አጽዋማት ስለሚወጡበት ስለ ባሕረ ሐሳብ ጽፈን ብዙዎቻችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ ብቅ እያላችሁ አስተያየት ሰጥታችሁናል፤ እናመሰግናለን። የዛሬው ርእሳችን ደግሞ ከእናንተው ከወላጆች የመጣ ነው።

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯ ሽፋን ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ሣለች። አንዱ ጎረቤት አየና «ይሄ የእስራኤል ባንዲራ ነው፤ ካርቱም ላይ ይዛችሁት ብትወጡ ጣጣ ያመጣባችኋል» አለ። ሁለተኛው «የለም፣ ይሄ የአባቶቻችን የሰሎሞን ማኅተም ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ላይ አለ» ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛዋ እናት ደግሞ «እኔ የማውቀው ደብተራ በሚጽፈው ክታብ ላይ ነው፤ ልጅ ባይነካካው ይሻላል» አሉ። የልጅቱ እናት ግራ ገባት። ጎረቤቶቹም ከዚያ ወዲህ ደኅና ሰላም አይባባሉም ይባላል።

እኛ ሦስቱም ያዩትን ነው የተናገሩት እንላለን። ችግሩ እያንዳንዳቸው ያዩት የታሪኩን አንድ ቁራጭ መሆኑ ነው። እስቲ ቁራጮቹን ሰብስበን እንያቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ከቅርጹ እንጀምር

ሚስማርና ሲባጎ ያለው ሰው ይህን ኮከብ መሥራት ይችላል። ሚስማሩን መሬት ላይ ትከሉና በሲባጎው ዙሪያውን ክብ አስምሩ። ከዚያ የሲባጎውን ርዝመት ሳትለውጡ፣ ክቡ ላይ ከአንድ ነጥብ ተነሥታችሁ በዚያው ልክ እየለካችሁ ምልክት አድርጉ። ልክ ስድስት ጊዜ ስትለኩ ተመልሳችሁ የተነሣችሁበት ነጥብ ላይ ትደርሳላችሁ። አይጎድልም፣ አይተርፍም። አሁን ነጥቦቹን አንድ እየዘለላችሁ በመስመር አገናኙ፤ አንድ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። የቀሩትን ሦስት ነጥቦች ስታገናኙ ሁለተኛው ሦስት ማዕዘን በላዩ ተገልብጦ ይመጣል። ኮከቡ ይኸው ነው።

ይህን ያስቀደምነው በከንቱ አይደለም። ግንበኛም ሆነ እንጨት ጠራቢ፣ ሌላ መለኪያ ሳይፈልግ ይህን ቅርጽ ራሱ ሊያገኘው ይችላል። ለዚህ ነው በሂንዱ ቤተ መቅደስም፣ በእስላም መስጊድም፣ በክርስቲያን ቤተ ክርስቲያንም፣ በአይሁድ ምኩራብም የምናገኘው። አንዱ ከሌላው ሰረቀ ማለት አይደለም። ቅርጹ በየአገሩ ሊገኝ ይችላል። ትርጉሙን ግን ሰዎች ናቸው በየዘመኑ የሰጡት።

የጥንቶቹ አይሁድ ምልክት ሌላ ነበር

ብዙ ሰው ይህ ኮከብ ከንጉሥ ዳዊት ዘመን ጀምሮ የአይሁድ ምልክት የነበረ ይመስለዋል። አይሁድ ራሳቸው በዕብራይስጥ «ማጌን ዳዊድ» ይሉታል፤ የዳዊት ጋሻ ማለት ነው። ነገር ግን መጽሐፈ ሳሙኤልን ከዳር እስከ ዳር ብታነቡ ዳዊት ጋሻው ላይ ኮከብ ነበረው የሚል ቃል አታገኙም። በጥንቱ የአይሁድ ጸሎት ውስጥም «የዳዊት ጋሻ» የሚባለው እግዚአብሔር ራሱ ነው እንጂ ሥዕል አይደለም።

የጥንቶቹ አይሁድ ምልክት መቅረዙ ነበር። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 25 ላይ አሠራሩ የተነገረው፣ ሰባት መብራት ያለው የወርቅ መቅረዝ ማለታችን ነው። ሮማውያን በ70 ዓመተ ምሕረት የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ሲያፈርሱ መቅረዙን ማርከው ወስደዋል። ሮማ ከተማ ውስጥ እስከ ዛሬ በቆመው በቲቶ ቅስት ላይ ወታደሮች ተሸክመውት ሲሄዱ ተቀርጾ ይታያል። ከዚያም በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት አይሁድ በምኩራባቸውና በመቃብራቸው ላይ ይቀርጹ የነበረው ይህንኑ መቅረዝ ነው።

ታዲያ ኮከቡስ? ኮከቡም አልጠፋም፤ ነገር ግን ጌጥ ነበር። በገሊላ በቅፍርናሆም ምኩራብ ፍርስራሽ ላይ ባለ ስድስት ጫፉ ኮከብ ከባለ አምስት ጫፉ ኮከብና ከሌሎች ጌጣጌጦች ጋር በአንድነት ተቀርጾ ይገኛል። በ1008 አካባቢ ግብፅ ውስጥ የተጻፈና ዛሬ በሩሲያ በሴንት ፒተርስበርግ ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስም ባጌጠ ገጹ ላይ ይኸው ኮከብ አለው። የእኛ ጸሐፊዎች በብራና ላይ ሐረግ እንደሚጥሉት ማለት ነው። ሐረጉን አይቶ «ይህ የእገሌ ሃይማኖት ባንዲራ ነው» የሚል ሰው በዚያን ጊዜ አልነበረም።

የሰሎሞን ማኅተም

አሁን ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛዋ ጎረቤት እንምጣ። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ ውስጥ ስለ ንጉሥ ሰሎሞን ቀለበት የሚተርኩት አለ። ሰሎሞን የአጋንንትን አለቃ ያሰረው በዚህ ቀለበት ነው ይባላል። ልብ በሉ፣ በዚያ ተረት ቀለበቱ ላይ የተጻፈው የእግዚአብሔር ስም እንጂ ኮከብ አይደለም። ዘመን እየቆየ ሲሄድ ግን በአይሁድም፣ በክርስቲያኑም፣ በእስላሙም ዘንድ የሰሎሞን ማኅተም በኮከብ ይሣል ጀመር። ዐረቦች «ኻተም ሱለይማን» ይሉታል። አንዳንዱ በአምስት ጫፍ፣ አንዳንዱ በስድስት ጫፍ ይሥለው ነበር። በሞሮኮ ባንዲራ መካከል ከ1915 ጀምሮ ያለው አረንጓዴ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብም የሰሎሞን ማኅተም ይባላል። ስለዚህ እስላም አገር ላይ የሰሎሞንን ኮከብ ያየ ሰው ሊደነቅ አይገባውም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ የሰሎሞን ስም ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት በግእዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት ነገሥታቱን ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ይወልዳቸዋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1874 የሰሎሞን ማኅተም ኒሻንን አቋቋሙ፤ ኒሻኑ ባለ ስድስት ጫፉን ኮከብ ከመስቀል ጋር ያጣመረ ነው። በላሊበላም በቤተ ማርያም ውስጥ ካሉት ጌጦች መካከል ይኸው ኮከብ ይገኛል። በሌላ በኩል ደግሞ «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባለው፣ ሰሎሞን አጋንንትን በመረብ እንደያዘ የሚናገረው ጽሑፍ በክታብ ላይ ይጻፋል። በክታቦቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሣለው መካከሉ ፊት ያለበት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ነው። እንግዲህ ሁለተኛው ጎረቤትም ሦስተኛዋ እናትም ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም።

ኮከቡ የአይሁድ መለያ የሆነው መቼ ነው?

የመጀመሪያው ጎረቤት ደግሞ ባንዲራ ነው ብሏል። ይህኛው የታሪኩ ክፍል ከሌሎቹ አዲስ ነው። ነገሩ የተጀመረው በአውሮፓ፣ በፕራግ ከተማ ነው። ንጉሥ ካርል 4ኛ በ1354 የፕራግ አይሁድ የራሳቸው ባንዲራ እንዲኖራቸው ፈቀደላቸው ይባላል። ውሎ አድሮ የማኅበራቸው ምልክት ይኸው ኮከብ ሆነ፤ በ1512 እዚያው ፕራግ በታተመ የጸሎት መጽሐፍ ላይም ወጣ። በ1656 ደግሞ በቪየና የአይሁድን ሠፈር ከክርስቲያኖች ሠፈር በሚለየው የድንበር ድንጋይ ላይ መስቀልና ኮከብ ጎን ለጎን ተቀረጹ። በ19ኛው መቶ ዓመት አዳዲስ ምኩራቦች ሲሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያን በመስቀሏ እንደምትታወቅ ሁሉ ምኩራብም የሚታወቅበት ምልክት ይኑረው ተባለና ኮከቡ በየአገሩ ተሠራጨ። በ1897 በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ የተሰበሰበው የመጀመሪያው የጽዮናውያን ጉባኤ ለባንዲራው መረጠው። የዚህን ምልክት ታሪክ ፈልፍሎ የጻፈው ጌርሾም ሾለም የሚባል የኢየሩሳሌም ሊቅ ራሱ፣ ኮከቡ ከጥንት ጀምሮ የአይሁድ እምነት ምልክት አልነበረም ይላል።

ቢጫው ጨርቅ

ከዚህ በኋላ ያለውን ልጆቻችሁ እንዲሰሙት እንፈልጋለን።

ሰውን በልብሱ ላይ ምልክት አድርጎ መለየት የቆየ ክፋት ነው። የዐባሲዶች ኸሊፋ አል-ሙተወኪል በ850 ክርስቲያኖችና አይሁድ የማር ቀለም ያለው ልብስ እንዲለብሱ አዝዞ ነበር። በአውሮፓም የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1215 በላተራን ባደረገችው ጉባኤ አይሁድና እስላሞች በልብሳቸው እንዲለዩ ወሰነች። የናዚ ጀርመን መንግሥት ደግሞ ይህንኑ አሮጌ ክፋት አነሣና በኮከቡ ላይ ጫነው። በ1939 መጨረሻ በተያዘችው ፖላንድ አይሁድ ኮከብ ያለበት ጨርቅ ክንዳቸው ላይ እንዲያስሩ ታዘዙ። በሴፕቴምበር 1941 ደግሞ በጀርመን ዕድሜው ስድስት ዓመት የሞላው አይሁዳዊ ሁሉ ቢጫ ኮከብ ደረቱ ላይ ሳይሰፋ ከቤት እንዳይወጣ ተደነገገ። ስድስት ዓመት እኮ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ማለት ነው። ኮከቡ ሰውን በቀላሉ ለይቶ ለመሰብሰብ አገለገለ። በዚያ ጦርነት ስድስት ሚሊዮን ያህል አይሁድ ተገድለዋል።

የተረፉት ግን ምልክቱን አልጣሉትም። የእስራኤል መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ ኦክቶበር 28 ቀን 1948 ኮከቡ ያለበት ባንዲራ በአዋጅ ጸደቀ። በ1949 ደግሞ ለመንግሥቱ ዓርማ የጥንቱ መቅረዝ ተመረጠ። አንዱ ወገን ሰውን ሊያዋርድበት የሰፋው ምልክት፣ ሌላው ወገን ራሱ አንሥቶ ሲይዘው ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው።

ካርቱም ላይ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ ወደ ካርቱም እንመለስ። በቤተ መንግሥቱ መንገድ፣ በሻሪዕ አል-ቀስር፣ ብዙዎቻችን ተመላልሰናል። እዚያ መንገድ ላይ የአይሁድ ምኩራብ ነበር ቢባል ስንቱ ያምናል? ነበር። በ1926 የተሠራ ነው። ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከኢራቅና ከሌላም አገር የመጡ አይሁድ እዚህ ይነግዱ ነበር፤ በበዙበት ጊዜ እስከ 1,000 ይደርሱ እንደነበር ይገመታል። ሞሮኮ የተወለዱት ረቢ ሰሎሞን ማልካ በ1906 መጥተው እስኪያርፉ ድረስ መርተዋቸዋል። ከሱዳን ነፃነት በኋላ፣ በተለይም ከ1967ቱ የዐረቦችና የእስራኤል ጦርነት በኋላ፣ ኑሮው ከበዳቸውና ተራ በተራ ወጥተው አለቁ። በዚያው በ1967 የዐረብ መሪዎች እዚሁ ካርቱም ተሰብስበው ከእስራኤል ጋር ሰላም የለም፣ ዕውቅና የለም፣ ድርድር የለም ብለው ወሰኑ። በ1975 ከመቃብር ቦታው የአንዳንዶቹ ዐፅም ተነሥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ተወሰደ። ምኩራቡም በ1986 ተሸጦ ፈረሰ፣ በቦታውም ባንክ ተሠራ።

ለዚህ ነው ካርቱም ላይ ብዙ ሰው ያንን ኮከብ ሲያይ ሰሎሞን ትዝ የማይለው። ትዝ የሚለው ጦርነት ነው። ሱዳን በ2020 ከእስራኤል ጋር ግንኙነት ለመጀመር መስማማቷ ቢነገርም፣ የሕዝብ ስሜት በአንድ ፊርማ አይለወጥም። እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ያስጠጋንን ሕዝብ ስሜት ማወቅ ደግሞ የእንግዳ ወግ ነው።

ቤተ እስራኤል

አሁን ደግሞ ከራሳችን ሰዎች እንንገራችሁ። ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ ቤተ እስራኤል ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይም በ1983 እና በ1984 በእግራቸው እየተጓዙ ሱዳን ገቡ። ብዙዎቹ የተቀመጡት በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር በኡም ራኩባ ካምፕ ነበር። ራኩባ የሚያውቅ ሰው ስሙ የዳስ እናት ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እነሱ እዚያ ዳስ ሥር ማንነታቸውን ደብቀው ኖሩ። ደረታቸው ላይ ኮከብ አልነበረም፤ ቢኖርም ማውጣት አይቻልም ነበር። ማንነታቸውን ያቆየላቸው በግእዝ የተጻፈው ኦሪት፣ የሰንበት አከባበራቸው፣ ቄሶቻቸውና ተራራ ወጥተው የሚያከብሩት የስግድ በዓል ነው። በመንገድና በካምፕ፣ በረኃብና በበሽታ 4,000 ያህሉ እንዳለቁ ይገመታል።

ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ሥራ በሌሊት ከገዳሪፍ በአውቶቡስ እየተጫኑ ወደ ካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ይወሰዱ ነበር። በዚህ መንገድ 8,000 ያህል ሰዎች በብራስልስ በኩል አድርገው እስራኤል ገቡ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ በረራው ተቋረጠ፤ ብዙ ቤተሰብም ተከፋፍሎ ቀረ።

ኮከቡ ካለበት ባንዲራ ሥር ከደረሱ በኋላስ ሁሉ ነገር ተፈጸመ? አልተፈጸመም። የአገሩ ረቢዎች «አይሁድነታችሁ እንዲረጋገጥ በሥርዓት ውኃ ውስጥ መጥለቅ አለባችሁ» አሏቸው። እነሱም «እኛ ስንሞትለት የኖርነውን እምነት ማን ነው የሚጠራጠርብን?» ብለው በ1985 በኢየሩሳሌም ከዋናው የረቢዎች መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ስግድ የአገሪቱ በዓል ሆኖ በሕግ የታወቀው በ2008 ነው። ኡም ራኩባም ቢሆን ሥራውን አልጨረሰም፤ በ2020 መጨረሻ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ወገኖቻችን እዚያው ሠፈሩ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለልጅቱ እናት መልሳችን ይህ ነው። ኮከቡን በድንጋጤ አታጥፉት። ልጅቱ የሣለችው ቅርጽ ኃጢአትም ወንጀልም አይደለም። አስቀምጣችሁ ታሪኩን ንገሯት። ነጠላ ወይም ሹራብ ላይ ተጠልፎ ገበያ የሚወጣ ከሆነ ግን፣ ይቅርብኝ ያለች እናት ፈሪ አትባልም። ጎንደር ላይ የሰሎሞን ማኅተም የሆነው ጥልፍ ካርቱም ሱቅ ላይ ባንዲራ ሆኖ ይነበባል፤ አንባቢውን ቆመን ማስረዳት ሁልጊዜ አንችልም። እኛ ስደተኞች ደግሞ ወረቀት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ያው አንዱ ካርዳችን አንድ ቦታ ራሽን ያሰጠናል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ «አንተ ሐበሻ፣ ና ወዲህ» ያስብለናል። የሚለየው አንባቢው ነው።

አሁን ግን ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። ይህ የደብተር ክርክር ከተነሣ ወዲህ፣ ሸክላ በመሥራት በሚተዳደር አንድ ቤተሰብ ደጃፍ ላይ ይኸው ኮከብ በከሰል ተሥሎ አድሯል። ማን እንደሣለው አናውቅም፤ ምን ለማለት እንደተሣለ ግን ሁላችንም ይገባናል። አገራችን ላይ ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያልን፣ ቤተ እስራኤልን «ፈላሻ» እያልን ስንገፋ የኖርነውን ይዘን ተሰደድን ማለት ነው። ቤተሰቡ ማን ይሁን፣ ምን ይመን፣ የሚመለከተን ጉዳይ አይደለም። በጀበናቸው ቡና የማይጠጣ፣ በምጣዳቸው እንጀራ የማይጋገርበት ቤት በካምፓችን የለም።

አንድ ሰው ወዶና መርጦ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ኮከብ አለ፤ ሌላ ሰው በሌሊት መጥቶ በሩ ላይ የሚሥልበት ኮከብም አለ። ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሲባጎ ይሠራሉ። የ1941ዱ ቢጫ ጨርቅ ሁለተኛው ዓይነት ነበር፤ የደጃፉ ከሰልም ሁለተኛው ዓይነት ነው። ከሰል ነው፣ ይታጠባል የሚል አይጠፋም። የዚያ ቤት ልጆች ግን ጠዋት ሲወጡ አይተውታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ትምህርት ቤት አልመጡም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የሣለው ሰው፣ ወይም ልጁ መሣሉን የሚያውቅ ወላጅ፣ ሄዶ በገዛ እጁ ያጥፋ፤ ይቅርታም ይጠይቅ። የብሎኩ ሽማግሌዎችና እናቶች በሚቀጥለው እሑድ ወደዚያ ቤት ሄደው ቡና እንዲጠጡ እንለምናለን፤ እኛ መምህራንም እንመጣለን። የተኳረፉት ሦስት ጎረቤቶችም አብረውን ቢመጡ ደስ ይለናል። ሦስተኛ፣ የክፍል ጓደኞች የሆናችሁ ተማሪዎች ሰኞ ጠዋት በዚያ በኩል እለፉና ልጆቹን ጠርታችሁ አብራችኋቸው ኑ።

ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የቤት ሥራ፦ በሚስማርና በሲባጎ ክብ ሥሩና በሲባጎው ልክ ስድስት ጊዜ ብቻ መለካት ለምን እንደሚበቃ አስቡ። መልሱን በክፍል እንሠራዋለን። በሚቀጥለው እትም በብዙዎቻችሁ ጥያቄ መሠረት ስለ ዓድዋ ጦርነት እንጽፋለን። ጥያቄ ያላችሁ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ባለው ሣጥን ጨምሩልን።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን።